ጥያቄና መልስ፦ መብራት ሲያጥር ፊውዝ የሚበጥስ ሞሪስ

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. የ1936 ሞሪስ ኤይት መኪና አለኝ፤ ባትሪው 6 ቮልት ነው። የፊት መብራቱን ከረጅም ወደ አጭር ሳሳጥር የቀኙ ይጠፋል፤ የግራው ግን ትንሽ ዘንበል ይልና ፊውዙ ይበጠሳል። አምፖል ቀይሬያለሁ፤ ለውጥ የለም። ምኑን ልፈትሽ?

መልስ፦ አምፖሉ ጥፋት የለበትም። በዚያ ዘመን በነበረው የሉካስ (የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች) አሠራር ማብሪያው የቀኙን መብራት ቆርጦ ኤሌክትሪኩን በግራው መብራት ውስጥ ላለ ሶሌኖይድ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብረት የሚስብ ጥቅል ሽቦ) ይሰጣል፤ ሶሌኖይዱም ሪፍሌክተሩን (ከአምፖሉ ጀርባ ያለውን ብርሃን አንጸባራቂ ሳህን) ራሱን ወደ ታችና ወደ ግራ ያዘነብለዋል። ለመሳብ ብዙ አምፔር ይፈልጋል፤ ስቦ ለመያዝ ጥቂት ይበቃዋል። ስለዚህ ሪፍሌክተሩ ጫፍ ሲደርስ ፑንቲና የሚመስሉ፣ ሲነካኩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ ሁለት ነጥቦችን ያላቅቃል፤ ያኔ ሪፍሌክተሩን ስቦ ለመያዝ ብቻ የተሠራው ጥቅል ሽቦ መስመር ውስጥ ይገባና አምፔሩ ይወርዳል። የእርስዎ ግማሽ መንገድ ላይ እየተያዘ ይመስላል፤ ነጥቦቹ ካልተላቀቁ ከባዱ አምፔር ይቀጥላል። ወፍራም ፊውዝ እንዳይተኩ፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው ጥቅሉ ነው።

ባትሪውን ፈተው የመብራቱን መስታወት ያውጡ። ሪፍሌክተሩን ጠርዙን ብቻ ይዘው እስከ ጫፍ ያዘንብሉትና ይልቀቁት፤ ሞላው ባንዴ ሊመልሰው ይገባል። ከተንቀራፈፈ ማጠፊያው ዝጓል፣ ወይም ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ደርቆ ይዞታል። ለማጠፊያው አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል፤ ነጥቦቹን ግን ዘይት አይንካቸው። የሪፍሌክተሩን ፊት በጨርቅ አይፈትጉ፣ ብር የተቀባ ስለሆነ ይላጣል።

ቀጥሎ ባትሪውን መልሰው በሶሌኖይዱ መስመር ላይ ባለ መርፌ አምፔር ሜትር ያስገቡ። መሳቡ ከሰከንድ በታች ስለሆነ ዲጂታሉ አይደርስበትም። ሲያሳጥሩ መርፌው ዘሎ ወዲያው መውረድ አለበት። ዘሎ እዚያው ከቀረ ቶሎ ያጥፉ። ጭራሽ ሳይዘል ሪፍሌክተሩም ካልተነቃነቀ ነጥቦቹ ቆሽሸዋል፤ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በመሐላቸው ያሳልፉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሻንሲውን ግንኙነት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከመብራቱ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በሻንሲው (በመኪናው የብረት አካል) በኩል ነው። ረዳት ማብሪያውን ሲጫን ሪፍሌክተሩን እንዳይዞር በእጅ ይያዙት፤ ከ2 ሰከንድ አይበልጥ። በዚያች ቅጽበት ሻንሲው በታሰረበት የባትሪ ፖልና በመብራቱ ቆርቆሮ መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ። ከሩብ ቮልት ካለፈ ቀለሙና ዝገቱ መንገድ ዘግተዋል፤ ከመብራቱ ወደ ሻንሲው የራሱን ሽቦ ይዘርጉ። በ6 ቮልት መኪና ግማሽ ቮልት ሲጠፋ የአምፖሉ ብርሃን ሩብ ያህል ይቀንሳል።

ሲጨርሱ ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 7.5 ሜትር ርቀው ያቁሙ፤ የመብራቱን መሐል ቁመት በጠመኔ ያስምሩ። ረጅሙ ብርሃን መሐሉ መስመሩ ላይ ይሁን፤ አጭሩ ከመስመሩ በታችና በስተግራ ይውደቅ።

ጥያቄ፦ ሁሉን ትቼ ባለ ሁለት ፋይላመንት አምፖል (ለረጅሙና ለአጭሩ ብርሃን የየራሱ የሚበራ ክር ያለው) ብገጥምስ?

መልስ፦ ይቻላል። ሪፍሌክተሩ በረጅሙ ቦታ ይታሰር፣ የአምፖሉ መያዣ ይቀየር፣ ለቀኙ መብራትም አዲስ ሽቦ ይዘርጋ። እንግሊዝ ውስጥ እስከነዱት ድረስ የመጀመሪያውን አሠራር ማዳን ይሻላል እንላለን። መኪናውን ኢትዮጵያ ለማስገባት ካሰቡ ግን ይቀይሩት፤ በቀኝ በሚነዳበት መንገድ ወደ ግራ የሚዞረው ብርሃን ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይኑን ይወጋዋል።