«ይሄ ስንት ሰው ይቀጥራል?»

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፤

በስዊድን አገር፣ በጎተንበርግ ከተማ፣ በቻልመርስ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ፊዚክስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርቱ አምስት ዓመት ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የምንማረው ራሳችን በመረጥነው የማስተርስ ዘርፍ ነው፤ የመምረጫው ጊዜ ደግሞ ደርሶብኛል። ልቤ ያለው ኳንተም ቴክኖሎጂ ላይ ነው፤ የአቶምንና የመሰሎቹን ጥቃቅን ቅንጣቶች ጠባይ ለስሌትና ለመለኪያ የሚጠቀመው ዘርፍ ማለት ነው። አምና ቤተ ሙከራው ለጎብኚ ክፍት በሆነበት ቀን አባቴን ይዤው ሄጄ ነበር። ከጣሪያው ቁልቁል የተንጠለጠለውን፣ ወርቅ የተለበጡ ሳህኖች አንዱ ካንዱ ሥር የተደረደሩበትን የኳንተም ኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ ብዙ ሲመለከተው ቆየና «ይሄ ስንት ሰው ይቀጥራል?» አለኝ።

አባቴ ደሴ ሳለን የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የብርሃንን ስብረት በጠመኔ ብቻ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ትራም ይነዳል። ፊዚክስን ይወዳታል እንጂ አያምናትም። ስዊድን አዳዲስ የኒውክሌር ማብላያዎች ልትሠራ ነው ስለሚባል፣ ወደ ስቶክሆልም ሄጄ በኬቲኤች (በንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም) የኒውክሌር ኃይል ምህንድስና እንድማር ይመክረኛል። እናቴ ደግሞ ረዳት ነርስ ናትና፣ በጨረር ሕክምና ክፍል የሚሠሩትን ፊዚሲስቶች እያየች «እንደ እነሱ ሁኚልኝ» ትለኛለች። እዚህ የመጣሁት በ11 ዓመቴ ነው፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ ግን እስካሁን የኢትዮጵያ ነው። ለሥራ የሚያዋጣኝ የትኛው ይመስልዎታል?

ሜ.፣ ከጎተንበርግ

ውድ እህቴ፤

የእናትሽን ምኞት ላስቀድም፤ አጭር መልስ ያለው እሱ ነውና። በስዊድን የሆስፒታል ፊዚሲስት እንደ ሐኪምና እንደ ነርስ ሁሉ የሙያ ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ለዚሁ የተዘጋጀውን የአምስት ዓመት ትምህርት ለጨረሰ ስለሆነ፣ ያንቺ ዲግሪ አይተካውም። የሕክምና መሣሪያውን የሚሠሩት ኩባንያዎች፣ ለምሳሌ የአንጎል ዕጢን በጨረር የሚያክመውን «ጋማ ናይፍ» የሚያመርተው የስቶክሆልሙ ኤሌክታ፣ ጉዳያቸው ከፈቃድ ሳይሆን ከሒሳብና ከፕሮግራም ችሎታ ጋር ነው።

የአባትሽ ምክር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኒውክሌር ሥራ ዕጣ ከፊዚክስ ይልቅ በፖለቲካና በመብራት ዋጋ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ማብላያዎቹ ቀስ በቀስ እንዲዘጉ አዘነበለ፤ በ2010 ፓርላማው በነባሮቹ ምትክ አዲስ መሥራትን ፈቀደ፤ በ2019 እና በ2020 መጨረሻ ደግሞ ካንቺ ከተማ በስተደቡብ በባሕሩ ዳር ካሉት የሪንግሃልስ ማብላያዎች ሁለቱ አላዋጡም ተብለው ተዘጉ። በ2023 ፓርላማው የኤሌክትሪክ ግቡን «መቶ በመቶ ታዳሽ» ከሚለው «መቶ በመቶ ከቅሪተ አካል ነዳጅ ነፃ» ወደሚለው ቀየረውና በሩ እንደገና ተከፈተ። በ2015 እና በ2023 ወደዚህ ዘርፍ የገቡ ሁለት ተማሪዎች የተማሩት ቀመር አንድ ሲሆን፣ የጠበቃቸው ገበያ ግን ለየቅል ነው። ሆኖም አባትሽ ያላነሣው አንድ ነገር አለ፦ የተዘጉትን ማፍረስ፣ ያገለገለውንም ነዳጅ መቅበር አይቀርም። በፎርስማርክ ከምድር በታች 500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ዓለት ውስጥ የሚገነባው የማከማቻ ሥራ በ2025 መጀመሪያ ተጀምሯል፤ ይህ ማንም ፓርቲ ቢያሸንፍ የሚሠራ ሥራ ነው።

ስለ ኳንተም አባትሽ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፤ መልሱ «ጥቂት ሰው፣ እሱም ባብዛኛው ዶክትሬት ያለው» የሚል ነው። ቻልመርስ የሚመራው የቫለንበሪ የኳንተም ቴክኖሎጂ ማዕከል ሥራ የጀመረው በ2018 ስለሆነ ዘርፉ ገና ልጅ ነው። (በስዊድን የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ መሆኑን ለአባትሽ ንገሪው፤ የአገር ቤቱን እያሰበ ሊሆን ይችላል።) ነገር ግን ያ ማቀዝቀዣ ብቻውን አይሠራም። ቅዝቃዜው ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ሊቀዘቅዝ ከማይቻልበት ነጥብ) በአንድ መቶኛ ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ወደሚለው የኳንተም ኮምፒዩተር ቺፕ የሚወርደው ምልክት የማይክሮዌቭ ምልክት ነው፤ ድግግሞሹም ሞባይልና ራዳር ከሚጠቀሙበት ብዙም አይርቅም። ጎተንበርግ ደግሞ የሞባይል ኔትወርክ መሣሪያ ሠሪው ኤሪክሰንም ራዳር ሠሪው ሳብም የሚሠሩባት ከተማ ናት። ስለዚህ እኔን ብትጠይቂኝ እዚያው ቻልመርስ ቆይተሽ ኳንተሙን ተማሪ፤ የምርጫ ኮርሶችሽን ግን ከማይክሮዌቭ ምህንድስናና ከፕሮግራም ምረጪ፤ 30 ነጥብ የሚይዘውን የመመረቂያ ሥራሽንም ከተቻለ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ፣ ኩባንያ ውስጥ ሥሪው። ቀጣሪ ከዘርፍሽ ስም ይልቅ የሚያየው ያንን ነው።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጠቀስሽው ፓስፖርት ግን ከዘርፍ ምርጫው የሚበልጥ ጉዳይ ነው። በኒውክሌር ጣቢያም ሆነ በራዳር ሥራ የደኅንነት ማጣሪያ አለ፤ ከፍ ያለ የደኅንነት ደረጃ ለተሰጣቸው የመንግሥት የሥራ መደቦች የስዊድን ዜግነት ግድ ነው፣ በግል ኩባንያም ዜግነትሽ መታየቱ አይቀርም። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነትን ስለማይቀበል፣ የስዊድኑን ስትወስጂ የኢትዮጵያው ይቀራል። የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ያለ ቪዛ መግባትን፣ መኖርንና መሥራትን ይፈቅዳል፤ መምረጥንና መመረጥን ግን አይመልስም። የዜግነት ማመልከቻ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ የማስተርስ ምርጫሽን ከማስገባትሽ በፊት ከአባትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስቀድማችሁ የምትነጋገሩበት ይኸው ይሁን።