ቤት የነበረ ሙዚየም፦ ስለ ፊሊፕስ የጠየቃችሁኝ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዱፖንት ሰርክል አጠገብ ስላለው የፊሊፕስ የሥዕል ሙዚየም ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ዛሬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እዚያው ከተማ ያሉት የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች በነፃ እያሉ ለምን ከፍዬ እገባለሁ?

ቤት ስለሆነ ነው። ዳንካን ፊሊፕስ አባቱን በ1917፣ ወንድሙን ጀምስን በ1918 አጣ። ወንድሙን የገደለው ኢንፍሉዌንዛ በዚያው ዓመት አገራችንንም ፈጅቷል፤ «የኅዳር በሽታ» የምንለው ነው። ዳንካን ለሁለቱ መታሰቢያ እንዲሆን በ1921 የቤተሰቡን ቤት ለሥዕል ተመልካች ከፈተ። ቤተሰቡ እስከ 1930 ድረስ እዚያው ይኖር ነበር። ስለዚህ በአሮጌው ክፍል የሚያዩት ሥዕል ሰው በኖረበት ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው፤ ቀረብ ብለው ያዩታል። ለእኔ ይህ የትኬቱን ዋጋ ያወጣል።

እናቴ ከአገር ቤት መጥታለች። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሌላ አይታ አታውቅም። ይሰለቻት ይሆን?

እንዲያውም ከብዙዎቻችን የተሻለ ዝግጅት ያላቸው ይመስለኛል። መጀመሪያ የኤል ግሬኮን «ንስሐ የገባው ቅዱስ ጴጥሮስ» ያሳዩአቸው። ጴጥሮስ እጆቹን አጣምሮ፣ እንባ ያቀረሩ ዓይኖቹን ወደ ሰማይ አንስቷል። ጌታን ሦስት ጊዜ መካዱን፣ የዶሮውን ጩኸት እናትዎ ያውቁታል። የግድግዳውን ጽሑፍ ማንበብ ትተው እሳቸው የሚሉትን ይስሙ።

ከዚያ ወደ ሠዓሊው ጄኮብ ሎውረንስ ሥዕሎች ይውሰዷቸው። ከአሜሪካ ደቡብ ወደ ሰሜን የተሰደዱትን ጥቁሮች ታሪክ በ60 ትንንሽ ሥዕሎች ተርኮ በ1941 ሲጨርስ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው 30ዎቹ የፊሊፕስ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው የኒውዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ሕዝቡ ቺካጎ፣ ኒውዮርክና ሴንት ሉዊስ ተብለው በተጻፉ በሮች በኩል ሲጋፋ ይታያል። እያንዳንዱ ሥዕል አጭር መግለጫ አለው፤ በአማርኛ እየመለሱ ያንብቡላቸው። የእኛም ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በረድፍ በረድፍ ከፋፍለው ይሥሉት የለ? እናትዎ አካሄዱን ወዲያው ይይዙታል። ሥዕሎቹ ስለሚቀያየሩ ግን በዕለቱ የትኞቹ እንደተሰቀሉ መግቢያው ላይ ይጠይቁ።

የሠዓሊው ሮትኮ ክፍል ገባሁ፤ ቀለም ብቻ ነው። ምንድን ነው የሚታየው?

ቀለሙ ነው። ክፍሉ የተዘጋጀው በ1960 ሲሆን፣ በጠባቡ ክፍል አራት ትልልቅ ሥዕሎች ብቻ አሉ። ማርክ ሮትኮ ራሱ ክፍሉን ሲያይ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ እንዲቀመጥበት ፈልጎ ነበር። ስለዚህ ቆመው አይለፉ፤ ይቀመጡ፤ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱና አንዱን ሥዕል ብቻ ይመልከቱ። ዓይን ሲለምድ አንድ የመሰለው ቀይ ብዙ ይሆናል፤ የቀለሞቹ ጠርዝ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ይህ በችኮላ አይመጣም። ቆይተውም ምንም ካልተሰማዎት ወደሚወዱት ሥዕል ይሂዱ፤ ሁሉንም መውደድ ግዴታ አይደለም።

ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ላምጣቸው?

ያምጧቸው፤ ግን አንድ ሰዓት ይበቃል። ፊሊፕስ በ1923 በ125,000 ዶላር የገዛው የሬኗር «የጀልባ ሽርሽረኞች ምሳ» ለልጅ የተመቸ ነው። ውሻውን ይፈልጉ፤ ሰዎቹን ይቁጠሩ፤ ማን ማንን እንደሚያይ ይንገሯችሁ። ውሻውን የያዘችው ሴት ኋላ የሠዓሊው ሚስት ሆናለች፤ ይህን ሲሰሙ ልጆች ደስ ይላቸዋል።

ፎቶ ማንሳትስ? ቦርሳስ?

ፍላሽ አይጠቀሙ። ትልቅ ቦርሳ መግቢያው ላይ ያስቀምጡ፤ ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ ጀርባ ላይ ያለ ቦርሳ ዞር ሲሉ ሥዕል ሊመታ ይችላል።

እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። እዚህስ እንዲህ ያለ ቤት አለ?

አለ፤ ያውም ቤተ መንግሥት የነበረ። ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው ገነተ ልዑል የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። አብዛኛው ሰው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት አይቶ ይመለሳል፤ በዚህ አዝናለሁ። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹ ስብስብ ከዚያ የሚበልጥ ሀብት ነው። እግርዎ ሳይደክም በፊት በእነሱ ይጀምሩ፤ መኝታ ቤቱን ሲወጡ ያዩታል።