መሪው የእኛ ሃይማኖት ተከታይ ካልሆነ በቅዳሴ «አሜን» ልበል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከባድ ክርክር ተነሥቷል። የሀገራችን መሪ ፕሮቴስታንት ናቸው። በቅዳሴ ስለ ሀገር መሪዎች ሲጸለይ አሜን ማለት ይከብደኛል፤ ዝም ብዬ የማልፍበት ጊዜ አለ። ኃጢአት ይሆንብኛል? ደግሞስ ስንመርጥ የሃይማኖታችንን ልጅ ማስቀደም የለብንም ወይ? ከመዘምራን አንዱ ወንድማችን ሃይማኖቱ ሌላ ለሆነ ዕጩ ሲቀሰቅስ ታይቷል ተብሎ ከመዝሙር ክፍል ታግዷል። ይህስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስልህ። አሜን በል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ሁሉ ጸሎት ይደረግ ብሎ ጽፏል (1ኛ ጢሞ. 2፥1-2)። ያኔ ሮም ላይ የተቀመጠው ኔሮን ነበር። ክርስቲያን ቄሣር ለማየት ገና ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይቀር ነበር። ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ወገኖቹ የላከው መልእክት ስለዚያች ከተማ ሰላም ጸልዩ የሚል ነው (ኤር. 29፥7)። ከተማዋ ቤተ መቅደሳቸውን ያፈረሰው ንጉሥ ከተማ ናት። ስለ መሪ መጸለይ ማለት ሥራውን ሁሉ ወደድኩለት ማለት አይደለም። እንዲያውም ሥራው ያላማረህ መሪ ጸሎት ይበልጥ ያስፈልገዋል።

የከበደህ ምናልባት ከድሮው የተረፈ ልማድ ይሆናል። በንጉሡ ዘመን የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ንጉሠ ነገሥቱ ሁልጊዜ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ እንዲሆን፣ ስሙም በአገልግሎቱ ሁሉ እንዲጠራ ያዝዝ ነበር። አባቶቻችን የለመዱት ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክህነቱ አንድ ማዕድ የሚቆርሱበትን ዘመን ነው። ያ ዘመን አልፏል። አንዳንዱ ሰው ዛሬም ይናፍቀዋል። እኔ ግን አይናፍቀኝም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ አልወስድህም፣ ጣና ላይ ነው ያለው።

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥተህ ደቅ ደሴት አጠገብ ወዳለችው ዳጋ እስጢፋኖስ ሄደህ ታውቅ ይሆናል። (እኅቶች እንዳይገቡ ሥርዓቱ ስለሚከለክል ከወንድሞቻቸው ይስሙ።) እዚያ ዕቃ ቤት የነገሥታት አፅም በሣጥን ሣጥን ተቀምጧል። የዐፄ ፋሲል የደረቀ አስከሬን በመስታወቱ በኩል ይታያል። ጎብኚ ሁሉ አጎንብሶ እሱን አይቶ ይወጣል። አንተ ግን ስትሄድ ትንሽ ቆየት በል። እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ንጉሥ አለ።

አንዱ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በሃይማኖቱ ማንም አያማውም። የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ያጸና፣ መጻሕፍት የጻፈና ያስጻፈ ንጉሥ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ የእምነቱን ቃል በግንባሩና በእጁ ላይ እንዲጽፍ አዘዘ። በአምልኮ ጉዳይ ያልተስማሙትን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት አሳደደ። ጣዖት አምልከዋል ተብለው ከተገረፉት መካከል የገዛ ልጆቹ ነበሩ፤ ከእነሱም የሞቱ አሉ። ይህ ሁሉ የተደረገው ለኦርቶዶክስ ተብሎ፣ ኦርቶዶክሳዊ በሆነ ንጉሥ ነው።

ሁለተኛው ዐፄ ዘድንግል ነው። ልቡ ወደ ካቶሊክ አዘነበለ። ወሬው ሲሰማ መኳንንቱ ሸፈቱበትና በ1597 ዓ.ም. ጦር ሜዳ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ፋሲል ነው፤ የተዋሕዶን እምነት የመለሰው። እሱም ቢሆን የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን አባረረ፣ በሀገር ውስጥ ቀርተው የተገኙትም ተገደሉ። ይህን ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን እንጂ ሆኗል።

ከፋሲል በፊት የነገሠው አባቱ ግን ዳጋ የለም። ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበረው አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው። የእሱን ታሪክ ጠጋ ብለህ ብታየው ለጥያቄህ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጠቅምሃል። ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ የተናገረው በ1614 ዓ.ም. ነው። የቅርብ አማካሪው፣ የካቶሊክ ሚስዮናዊው ጴጥሮስ ጳኤዝ ጎርጎራ ላይ ያረፈውም በዚያው ዓመት ነው። (ዛሬ ለመዝናናት ጎርጎራ የሚሄደው ብዙ ሰው ይህን ሳይሰማ ነው የሚመለሰው።) ጳኤዝ ለስላሳ ሰው ነበር፤ ሰው ማስደንገጥ አይወድም። ከእሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነው። በ1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ለሮም ማሉ። ከዚያ በኋላ የተጠመቀው እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና ክህነት ይቀበል፣ ቅዳሜን ማክበር ይቅር ተባለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ንጉሡ ለራሱ ቢያምን ኖሮ ጉዳዩ የእሱና የንስሐ አባቱ ነበር። እሱ ግን ዘውዱን ይዞ በእያንዳንዱ ቤት ማዕድና ጥምቀት ውስጥ ገባ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከባለሥልጣን ባሏ ቤት ወጥታ መነኮሰች፤ በጣና ዙሪያ እየተንከራተተች ሕዝቡን አጸናች። ተከስሳ ንጉሡ ፊት ቀረበች፣ ተጋዘች። ኋላ በስሟ ገዳም የተተከለበት ቆራጣ ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም። ላስታ ሸፈተ። ሰኔ 1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሡ አሸነፈ፤ ግን ያሸነፈው የገዛ ወገኑን ነበር። በዚያው ሰሞን የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል ብሎ አዋጅ አስነገረ። ዘውዱን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። እሱ ራሱ ግን በካቶሊክነቱ እንደ ሞተ ይነገራል። ያን ሁሉ ደም ሳያፈስም በካቶሊክነቱ መሞት ይችል ነበር።

እንግዲህ አሁን ወዳለንበት እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት የለም፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው የፈለገውን እምነት የመያዝና በግልም በጋራም የማምለክ መብት ይሰጠዋል። «ማንም ሰው» ሲል ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ይጨምራል። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነበሩ። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ፕሮቴስታንት ናቸው። በንግግራቸው ፈጣሪን ቢጠሩ የማንንም መብት አልነኩም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሹመት ሲሰጥ፣ መሬት ሲመራ፣ ፖሊስ ሲሰማራ ሃይማኖት ይቆጠራል ወይ? መንግሥት የእኛን ወይም የሌላውን የውስጥ ጉዳይ ለመወሰን እጁን ይሰድዳል ወይ?

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ትዝ ይልሃል? በውጭና በሀገር ቤት ተከፍሎ የነበረው ሲኖዶስ ታርቆ አቡነ መርቆሬዎስ ከስደት ሲመለሱ እልል ያላለ አልነበረም። በዚያ ዕርቅ የጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነበረበት። ያን ጊዜ ሃይማኖታቸው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አላስታውስም። ጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሲኖዶሱን ለመክፈል ሲሞከር ቤተ ክርስቲያናችን መንግሥት ጣልቃ ገብቶብኛል ብላ በይፋ ተናገረች። ጾመ ነነዌን ጥቁር ለብሰን ጾምን። አቤቱታችን ተገቢ ነበር። ተገቢ የነበረውም ሕግ ስለተጠቀሰ ነው፤ «መናፍቅ ስለሆነ ነው» የሚለው የመንደር ወሬ ግን አቤቱታውን አደከመው እንጂ አልረዳውም። ኦርቶዶክሳዊ መሪም ያንኑ ቢያደርግ ያንኑ ጥቁር መልበስ ነበረብን።

ደግሞ ሁልጊዜ ተበዳዩ እኛ ብቻ እንዳንመስል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች ተጠመቁ ብለው አስገደዱ። በልባቸው ያላመኑት ሲመቻቸው ተመለሱ፤ ያልተመቻቸው ተሰደዱ። ጥምቀቱ ምን ተረፈው? በእኛ አካባቢ ደግሞ ብዙኃኑ እኛ ነን። ታንኳ በመሥራት የታወቁት የሐይቁ ዳር ነገደ ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። ፕሮቴስታንቱም ጎረቤታችን ነው። ሰው ሲሞትበት የቀብር ቦታ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚንከራተት ሂድና ጠይቀው። በአንዳንድ ቦታ የከለከለው መንግሥት አይደለም፤ የእኛው የሠፈር ሰው ነው። በሌላ ክልል የእኛ ሰው ሲከለከል ግን እንጮኻለን።

ስለ ምርጫው የጠየቅኸኝ ቀላል ነው። ዕጩውን የምትመዝነው በሥራው፣ በእውነተኛነቱ፣ ደሃ ሲበደል በሚያደርገው ነው። የሃይማኖትህ ልጅ ሆኖ ጉቦ ከሚበላ፣ የሌላ ሃይማኖት ሆኖ እጁ ንጹሕ የሆነው ይሻልሃል። ኦርቶዶክሳዊ ባለሥልጣን ምን ይምሰል ካልክ ደግሞ አብድዩን እይ (1ኛ ነገ. 18)። የአክዓብ ቤት አዛዥ ነበር። ያን የመሰለ ክፉ ንጉሥ እያገለገለ መቶ ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ሸሸገ፣ እንጀራና ውኃ መገባቸው። ለራሱ ደብር መሬት ሲያስቆርስ አናነብም። እኔን በበዓላት ቀን ባለሥልጣን ዐውደ ምሕረት ላይ ማይክ ሲጨብጥ ደስ አይለኝም፤ የእኛው ልጅ ከሆነም እንኳ። ይሳለም፣ ያስቀድስ፣ ጸበል ይጠጣ። ንግግሩን ለአዳራሹ ያቆየው። ካህኑም በበኩሉ ዐውደ ምሕረቱን የምርጫ መድረክ አያድርገው።

የታገደውን ወንድም በተመለከተ፦ እገዳው ልክ አይደለም። ከመዝሙር አገልግሎት ሰው የሚታገደው በእምነት ሕጸጽ ወይም በታወቀ ነውር ነው። ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ ግን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉዳይ አይደለም። የደንብ ልብሱን ለብሶ ወይም በአዳራሻችሁ ውስጥ ቀስቅሶ ከሆነ በምክር ይነገረው፤ ያም ለሁሉም ዕጩ እኩል ይሠራል። እናንተን የሚደግፍ ዕጩ ሲመጣ ዝም ብላችሁ ከነበር መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ከዚያ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ቤቱ ሂዱና ይቅርታ ጠይቁት፣ ለሚቀጥለው ልምምድም ጥሩት። ሰብሳቢው አሻፈረኝ ካለ ጉዳዩን ለደብሩ አስተዳዳሪ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቃለ ጉባኤውን አያይዙ።