የጤና ጥያቄና መልስ፦ ብግነቱን የሚያበርደው አጥንቱን ለምን አላዳነውም?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) አለብሽ ተብዬ ሜቶትሬክሴት በሳምንት፣ ፕሬድኒሶሎን 7.5 ሚሊግራም በየቀኑ እወስዳለሁ። በቅርቡ በተነሳሁት ራጅ የጣቶቼ አጥንት ጠርዙ መበላት ጀምሯል ተባልኩ። ሰውነት ብግነት የሚያበርዱ ሳይቶካይኖችን (ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ፕሮቲኖች) ራሱ ያመነጫል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ አጥንቴን ለምን አላዳኑትም? በመርፌ መጨመርስ አይቻልም? በጾም ወተት ስለማልጠጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሰሙት ልክ ነው፤ የሚያንሰው መጠናቸው ነው። ከአብራጆቹ ሳይቶካይኖች አንዱ፣ ኢንተርሊውኪን 10፣ በታመመ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገኛል፣ ግን አይበቃም። ሌላው፣ ኢንተርሊውኪን 4፣ ደግሞ እዚያ እምብዛም የለም። ሁለቱም አጥንት የሚያፈርሱት ሴሎች፣ ኦስቲዮክላስቶች፣ እንዳይፈጠሩ ያግዳሉ።

አፍራሹ ሴል የሚፈጠረው ራንክል ከሚባል ፕሮቲን ትእዛዝ ሲደርሰው ነው። ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ራንክልን ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። በእርስዎ በሽታ ግን ብግነት የሚያቀጣጥሉት ሳይቶካይኖች፣ ማለትም ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊውኪን 1፣ 6 እና 17፣ ራንክልን ስለሚያበዙ ያዡ አይደርስበትም። ቲኤንኤፍ በዚህ አያበቃም፤ ዲኬኬ1 የተባለ ፕሮቲን እንዲመነጭ አድርጎ አጥንት ሠሪዎቹን ሴሎች ያዳክማል። የተበላው ቦታ መልሶ የማይሞላው አንድም በዚህ ነው። ጠርዙ ቀድሞ የተጎዳው ደግሞ እዚያ አጥንቱን የሚሸፍን ልም አጥንት ስለሌለ ነው፤ ያበጠው የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን በቀጥታ ይነካዋል።

በመርፌ መጨመሩ ተሞክሯል። ኢንተርሊውኪን 4 በአይጦች ላይ አጥንትን አድኗል፤ ኢንተርሊውኪን 10 ግን በሰው ላይ የተጠበቀውን ያህል አልሠራም። ወደ ሕክምና የገባው፣ ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው አብራጅ የተቀዳውና የኢንተርሊውኪን 1 ተቀባይን የሚዘጋው አናኪንራ የተባለ መድኃኒት ነው፤ አሜሪካ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ፈቅዳዋለች። በየቀኑ ይወጋል፣ አቅሙም ከቲኤንኤፍ ማገጃዎች ያንሳል። ስለዚህ አጥንትን በተሻለ የሚያድነው አብራጁን መጨመር ሳይሆን አቀጣጣዩን ቶሎ መዝጋት ነው። የሚወስዱት ሜቶትሬክሴት የዚህ መሠረት ነው።

ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀኑን ይምረጡና ማሸጊያው ላይ ይጻፉት፤ በስህተት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች መቅኒያቸው ተጎድቶ ሞተዋል። የሜቶትሬክሴትን የጎንዮሽ ጉዳት ለመቀነስ የሚሰጠውን ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድን፣ በሌላ ቀን ይውሰዱ። የደምና የጉበት ምርመራ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ፣ ከዚያ በየ8 እስከ 12 ሳምንቱ ይደረጋል። ጠላና አረቄ ከጉበቱ ጋር አይስማሙም። መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ፤ ለማርገዝ ካሰቡ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ፕሬድኒሶሎን ሁለት ገጽ አለው፦ ብግነቱን ያበርዳል፣ የመላ አካልን አጥንት ግን ያሳሳል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ቶሎ ስለሚያሽል ብዙ ሰው ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ እየገዛ ለዓመታት ይውጠዋል፤ ሜቶትሬክሴቱ እስኪሠራ ድረስ መሸጋገሪያ ብቻ መሆኑ ይረሳል። 7.5 ሚሊግራም ለወራት የሚቀጥል ከሆነ መጠኑን የሚቀንሱበትን ጊዜ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በራስዎ በአንዴ አያቁሙት፤ ኩላሊት ላይ ያለው ዕጢ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚዘነጋ አደጋ አለው። የቲኤንኤፍ ማገጃ ከታዘዘልዎት መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ይደረግ፤ የተደበቀን ቲቢ ይቀሰቅሳል።

ወደ ጾሙ እንመለስ። በቀን 1000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየምና ከ600 እስከ 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ያስፈልግዎታል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል፤ ጾም ይህን ያስቀራል። የአበሻ ጎመን ጥሩ ምትክ ነው። ቆስጣ አይደለም፤ ኦክሳሌቱ ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል። የመተማ ሰሊጥ ካልተገፈፈ ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ ከተገፈፈ አብዛኛው ከቅርፊቱ ጋር ይሄዳል፤ ያልተገፈፈውም ኦክሳሌት ስላለው ሁሉም አይመጠጥም። የካልሲየም እንክብል ከሆነ በአንዴ ከ500 ሚሊግራም አይለፍ፤ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ዓይነት ከምግብ ጋር ይወሰድ። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ምግብ ቀምሰው እንዲወስዱ ስለሚመከር፣ የጾሙን ሰዓት በተመለከተ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።