ጭረቱን ከመንካታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

በቀደም ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ግቢያችን ገባ። የምንኖረው ዓለም ገና አካባቢ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጠጠሩ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ከጠጠሩ መታጠፊያ ላይ ተንሸራትቶ ወድቋል። እሱ ምንም አልሆነም፤ የሞተሩ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከሩ) ግን በጎኑ አንድ ስንዝር ያህል ተጭሯል። በአንድ እጁ ጥቁር ስፕሬይ ቀለም፣ በሌላው ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት ይዟል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልፈትገውና ልርጨው ብዬ ነበር» አለኝ።

ብርጭቆ ወረቀቱን ተቀብዬው ኪሴ ከተትኩት። ቁጥር 80 ሻካራ ነው፣ የበር ዝገት ማንሻ፤ በሰልባትዮ ላይ ሁለት ጊዜ ብታስኬዱት አንዱን ጭረት ሺህ ታደርጉታላችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ መኪናና ሞተር ስቀባ ኖሬ የታዘብኩት ይህንኑ ነው፦ እጄ ላይ ከወደቀው ሥራ ብዙው ጭረቱ ራሱ አልነበረም፣ ጭረቱን ለማጥፋት ሲባል የተፈጸመ ጥፋት ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የምትነኩትን ነገር እወቁት። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም አንድ ነገር አይደለም። ከሥር ብረቱን የሚይዘው መሠረት አለ፤ በላዩ ቀለሙ፤ ከቀለሙ በላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ መስታወት የመሰለው ክሊር። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ ከአንድ ደብተር ወረቀት ብዙ አይበልጥም። እናንተ በኃይል የምትፈትጉት ያንን ወረቀት ነው።

እንግዲህ ጭረቱን በሳሙና እጠቡትና አድርቁት። ከዚያ ጣታችሁን ውሃ አስነክታችሁ አስኪዱበት። እርጥብ ሲሆን ከጠፋ፣ ሲደርቅ ተመልሶ ከነጣ፣ የተጫረው ክሊሩ ብቻ ነው፤ ውሃው ስንጥቁን ሞልቶ ብርሃኑ መበተኑን ስላቆመ ነው ከዓይን የተሰወረው። ሁለተኛው መፈተኛ ጥፍራችሁ ነው። በጭረቱ ላይ አግድም ስትስቡት ካልያዘ ቀለም የሚባል ነገር አትግዙ። ለስላሳ ጨርቅ፣ ፖሊሽና ትዕግሥት ይበቃል። የጥርስ ሳሙና ለስስ ጭረት ይሠራል የሚሉትም ውሸታቸውን አይደለም፤ ጥርስ የሚያጸዳ ደቃቅ ዱቄት ስላለው ነው። ፖሊሽ እያለ ግን ለጥርሳችሁ ተዉት።

ጥፍር ከያዘና የሌላ ቀለም መልክ ከታየ ነው ሥራው የሚጀምረው። እዚህ ላይ ትንሽ ላቆያችሁ።

የቀለሙን ቁጥር ፈልጉ። በአብዛኛው ሞተር ላይ ከወንበሩ ሥር ወይም ከሻሲው ጎን በተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ላይ ይገኛል። ቀለም በኮምፒውተር የሚያዋህዱ ሱቆች ዘንድ ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ ከሌለ የጎን መሸፈኛውን ፈትታችሁ ራሱን ውሰዱላቸው፤ ይህ ደግሞ ከቁጥሩም ይሻላል፣ ምክንያቱም የእኛ ፀሐይ ቀለም ትበላለች። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ቀይ ሞተር ሦስት ዓመት ደጅ ካደረ የፋብሪካው ቀይ አይደለም። «ጥቁር ጥቁር ነው» ብላችሁ ያገኛችሁትን አትግዙ። ከጥቁርም የሚያብረቀርቅ አለ፣ ድፍን አለ፣ ሰማያዊ የሚመስል አለ። ቀለሙን ጨርሳችሁ ልቀይረው ካላችሁ ደግሞ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም ነውና መጀመሪያ የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁ።

ብሩሽ አትጠቀሙ፤ ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው ብሩሽ ለሞተር ጭረት ወፍራም ነው። የጥርስ እንጨት ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ይዛችሁ ጭረቱ ውስጥ ብቻ አኑሩ። አትሳቡት፤ አስነኩትና ተዉት፣ ራሱ ይሞላል። ስስ ይሁን። ሲደርቅ ይሰረጉዳል፤ በማግሥቱ ትደግማላችሁ። ከዙሪያው ቀለም በጥቂቱ ከፍ እስኪል አራት አምስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀምጡት። እጅ ላይ አልያዘም ማለት ደርቋል ማለት አይደለም፤ ከላይ ቆዳ አበጅቶ ከሥር ለስላሳ ነው፣ ልክ እንደ ገንፎ። በመጨረሻ ቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውሃ ነክራችሁ ከፍ ያለውን ብቻ በእርጋታ አስተካክሉና በፖሊሽ አሳርጉት።

ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ዱቄት ያለበት ቀለም ከሆነ ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ በእንጨት ጫፍ የተነካው ከዙሪያው ጋር እኩል አይሆንም። ፋብሪካው ሲረጨው ዱቄቱ በጀርባው ይተኛል፤ እናንተ ስታስነኩት እንደመጣለት ይቆማል፣ ስለዚህ ከአንድ ጎን ሲያዩት ይጠቁራል። ይህ የእጃችሁ ጥፋት አይደለም።

ብረት ከታየ አታሳድሩት። በክረምት አንድ ሌሊት ይበቃዋል፣ ጠዋት ዝገት ታገኛላችሁ። ዝገቱን በቁጥር 400 ወረቀት ከቦታው ሳትወጡ አንሱት፣ አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቅብ አስነኩት፣ ከዚያ ነው ቀለሙ። ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያው) እና የጎን መሸፈኛ ላስቲክ ከሆኑ አንቲረስት ምንም አያደርግላቸውም። ቀለም ማቅጠኛውን ቲነርም አታስጠጉባቸው፤ አንዳንዱን ላስቲክ እንደ ቅቤ ያቀልጠዋል። (ሰልባትዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ስቱኮ፦ ሙያችን ግማሽ አፉ ጣልያንኛ ነው። ጣልያኖቹ ሄዱ፣ ቃላቸው ጋራዥ ቀረ።)

አሁን ስለ ስፕሬዩ። ለፓራፋንጎ ወይም ለሻሲ አልከለክላችሁም። በደንብ ናጡት፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሞክሩት፣ በሦስት ስስ ዙር ርጩት። የፍሬኑን ዲስክ ግን በላስቲክ ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ቀለም ወይም ፖሊሽ የነካው ዲስክ አይዝም። ሰልባትዮ ላይ ግን ተራው ስፕሬይ ቤንዚን አይችልም። ነዳጅ ስትቀዱ አንዲት ጠብታ ትፈስሳለች፣ በጨርቅ ስትጠርጉ ቀለሙ አብሮ ይነሳል። ቤንዚን የሚችለው ሃርድነር፣ ማለትም ማጠንከሪያ፣ የሚቀላቀልበት ክሊር ነው። እሱን ደግሞ ቤታችሁ እንዳትረጩ እለምናችኋለሁ።

ለምን እንደሆነ ከራሴ ልንገራችሁ። በዚያ ሃርድነር ውስጥ ኢሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ። እኔ ለዓመታት አፍና አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ረጨሁት። አለቃዬ ጭምብል አልገዛልንም፣ እኛም አልጠየቅንም፤ እንዲያውም ሽታውን መቻል ጉብዝና ይመስለን ነበር። አርባዎቹን እንዳጋመስኩ ሌሊት ሌሊት ደረቴ ያፏጭ ጀመር። ብርድ ነው ብዬ ዝንጅብል ስጠጣ ከረምኩ። በኋላ ሐኪሙ ስለ ሕመሜ ብዙም ሳይጠይቀኝ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፤ አስም ነበር። አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱም ይቀሰቅሰዋል፤ ዛሬ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ሳልፍ ሽታው ከመጣ መንገድ እሻገራለሁ። በኮቪድ ጊዜ ያደረግነው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ይህንን አያግድም። ስለዚህ ሰልባትዮው በሰፊው ከተላጠ ፈትታችሁ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት። ሙሉ ሞተሩን ሳይሆን ሰልባትዮውን ብቻ ስትወስዱ ዋጋውም ይቀንሳል።

ቀኑንም ምረጡ። ተለማማጅ ሳለሁ ሐምሌ ላይ የአንድ ሰው ሞተር ለእሑድ ሠርግ ይድረስ ተብሎ ዝናብ እንዳባራ ረጨሁት። ዓይኔ እያየ ጥቁሩ ቀለም ወተት የተደፋበት መሰለ። ቲነሩ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት ቀለሙ ላይ ይጤዛል፤ ያኔ ይህን ስላላወቅሁ ቀለሙን ሰደብኩ። ከጥቅምት በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ጥላ ሥር ሥሩ። የእኛ ሰፈር አቧራ እንኳን ለእርጥብ ቀለም ለደረቀውም አይመለስም፤ ግቢውን አስቀድማችሁ ውሃ አርከፍክፉበት።

እሳት አርቁ ስል ብዙዎቻችሁ ሲጋራ ይመስላችኋል። እኔ የምፈራው ቡናውን ነው። ቲነር ተከፍቶ፣ ሰልባትዮ ተፈትቶ፣ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ከሰል ሲቀጣጠል ስንት ግቢ አይቻለሁ። የቤንዚንና የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ተጉዞ ምድጃው ጋ ይደርሳል። ቡናው ይቆይ፣ ወይም እናንተ ወደ ውጭ ውጡ።

የልጁ ሰልባትዮ ላይ ውሃ ስናስኬድበት ከስንዝሩ ጭረት ብዙው ጠፋ። ብረት የታየው ምስር የምታህል አንዲት ቦታ ብቻ ነበረች፣ እሷም ከነዳጅ መቅጃው ራቅ ያለች። ሌላውን በፖሊሽ አወጣነው። ምስሯን በአንቲረስት ካስያዝናት በኋላ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ እየመጣ አንድ አንድ ጠብታ አኖረባት፣ አምስት ማታ። ተንበርክኮ ለፈለጋት አሁንም ትታያለች። ስፕሬዩን ለባለሱቁ መልሶ ፖሊሽ ለወጠበት።

ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀቱ ግን እስካሁን እኔ ጋ ነው። የግቢውን በር ዝገት እያነሳሁበት ነው።