ተገልብጦም ሦስት ማዕዘን ነው

አብሽሪ እህቴ። «የ5 ዓመት ልጄ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን እያለ ይዘምራል፣ ቅርጹ ትንሽ ዘንበል ካለ ግን አያውቀውም፤ 'ለይተህ መድብ' የሚለው የቤት ሥራ ላይ ደግሞ ያለቅሳል» ነው ያልሽው። እኔ ደሴ 11 ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ። ያንቺ ልጅ ብቻ አይደለም።

እንዲያውም ጥፋቱ የኛ ነው። መጀመሪያ ባስተማርኩበት ክፍል ግድግዳው ላይ አንድ ቻርት ነበር፤ ሦስት ማዕዘኑ ሁሌ ተደላድሎ የተቀመጠ፣ ሹሉ ወደ ላይ። ዓመቱን ሙሉ በእሱ አስተማርኩ። አንድ ቀን ገልብጬ ሰሌዳ ላይ ሣልኩና «ይሄስ?» ስላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ «ቲቸር፣ ወድቋል» አለችኝ። ለካ ስሙን የያዙት በመልኩ ነው፣ ጎኑን ቆጥረው አይደለም። ቫን ሂሌ የሚባሉ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት መምህራን እ.ኤ.አ. በ1957 የጻፉት ይሄንኑ ነው፤ ልጅ መጀመሪያ ቅርጽን በጥቅል መልኩ ነው የሚለየው፣ ጎንና ማዕዘን የሚቆጥረው በኋላ ነው።

ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ተዪውና ሳምቡሳ ጥበሺ። ሮመዳን እስኪገባ አትጠብቂ። ቀዝቀዝ ሲል ጫፎቹን በጣቱ እየነካ ይቁጠር። አዙሪው፣ እንደገና ይቁጠር። ገልብጪው፣ ያው ሦስት። የኔው ልጅ «ግን ሆዱ ተነፍቷል» ብሎ ተከራከረኝ፣ እውነቱንም ነው። ወረቀት ላይ አስቀመጥንና ዙሪያውን በእርሳስ አስመርን፤ ሳምቡሳውን ስናነሳው ወረቀቱ ላይ የቀረው መስመር ነው ሦስት ማዕዘን አልኩት። ወረቀቱ በዘይት ጠፋ፣ ነገሩ ግን ገባው። ካሬንም በጫፉ አቁመሽ አሳዪው፣ «ዳይመንድ ሆነ» ካለሽ አትቆጪ፣ ጎኖቹን ይቁጠር። ከፍ ያለ ልጅ ካለሽ ደግሞ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ የተነሳ ፎቶ ስጪውና የመስቀሉን ጎን ያስላ። 12 ነው፣ ግን አትንገሪው።

ወደ መለየቱ ስንመጣ፣ አንቺ ምስር ስትለቅሚ የምትሠሪው እኮ ያው ነው። ጠጠሩን ወዲያ፣ ምስሩን ወዲህ። አጠገብሽ ቁጭ ይበልና ይልቀም። ልጆች የሚያለቅሱት መለየት አቅቷቸው ሳይሆን በምን እንደሚለዩ እኛ ስለምንወስንባቸው ይመስለኛል። አንዴ ለተማሪዎቼ የለስላሳ ቆርኪ በትኜ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ብለው ይመድባሉ ብዬ ስጠብቅ አንዱ ሁሉንም ቀላቅሎ ሁለት ክምር ሠራ። ልቆጣው ስል «ይሄ ሲከፈት የተጣመመ ነው፣ ይሄ ያልተጣመመ» አለኝ። ከኔ ይበልጥ አስቦበታል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ «በምን ለየኸው?» ነው የምለው፤ ከነገረኝ በኋላ ያንኑ ቆርኪ እንደገና ደባልቄ «አሁን ደግሞ በሌላ» እላለሁ። ትልቁ ትምህርት እዚህ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው፣ አትዝለዪው።

መረጃ የሚባለው ከዚህ ነው የሚጀምረው፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። 4 ሽምብራና 6 ምስር በየረድፉ አሰልፊና የትኛው ይበዛል በይው። ሽምብራ ይልሻል፣ ረድፉ ስለሚረዝም። የቁጥር ችግር አይደለም፣ ዓይኑ ነው ያታለለው። መድኃኒቱ የእንቁላል ትሪ ነው፤ የ30ው ትሪ በአንድ ረድፍ 6 ጉድጓድ አለው፣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ፍሬ ብቻ ይግባ። ያኔ ሽምብራው አራተኛው ላይ ይቆማል፣ ምስሩ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ይኸው ባር ግራፍ፣ ያለ እርሳስ። «በስንት ይበልጣል?» ብለሽ ባዶ የቀሩትን ጉድጓዶች አስቆጥሪው።

ይሄን ሲለምድ የሰው ነገር ይጠይቅ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይሰበሰብ የለ? «በእግር መጣሽ በባጃጅ?» እያለ ይዙርና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላ ትሪው ላይ ይጣል። በረካ እስኪወርድ ይጨርሳል።

ደብተሩን ለአንድ ሁለት ሳምንት አቆዪው። ቆርኪውን በምን በምን እንደለየው ግን ጻፊልኝ፣ የልጆች ሐሳብ እሰበስባለሁ።