ወለድ አልባ ባንክ ላይ ቴሲስ ለምትሰሩ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች በአንዱ ስሰራ እንዳረጀሁ ስለምታውቁ ነው መሰለኝ ስለ ቴሲስ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ እዚሁ ባንድ ላይ ልመልስ። አብዛኞቻችሁ «መቃሲድ ኢንዴክስ ልጠቀም ነው» ትላላችሁ፣ ባንኩ የሸሪዓን ዓላማዎች (መቃሲድ) ምን ያህል እንዳሳካ በነጥብ የሚለካውን ማለት ነው። ደግ አደረጋችሁ፣ በኛ ጊዜ ባንክ የሚለካው በትርፍ፣ በካፒታልና በተበላሸ ብድር ነበር፣ ግን አንድ ባንክ የቆምኩት ለሸሪዓ ዓላማ ነው ካለ በዛው ነው መጠየቅ ያለበት። ኢማም ገዛሊ ሃይማኖት፣ ነፍስ፣ አእምሮ፣ ዘርና ሀብት ይጠበቁ እንዳሉት ያለውን ዓላማ ነው እንግዲህ ወደ ቁጥር የምትቀይሩት።

ጣጣው ያለው ቁጥሩ ጋ ነው። የማሌዥያ ተመራማሪዎች በ2008 (በፈረንጅ) ያወጡትና አሁን ሁሉም የሚገለብጠው ኢንዴክስ የገዛሊን አምስት ሳይሆን የአቡ ዘህራን ክፍፍል ተከትሎ ሰውን ማስተማር፣ ፍትህና የህዝብ ጥቅም የሚሉ ሶስት ዓላማዎች አሉት። «ማስተማር» የሚለውን ገለጥ አድርጉት፣ ከስልጠናና ከምርምር ወጪ ጎን የማስታወቂያ ወጪ ቁጭ ብሏል! ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ቢልቦርድ የደረደረ ባንክ ህዝብ አስተማረ ተብሎ ነጥብ ሊሰጠው ነው ማለት ነው። ባንኩ የሚከፍለው ዘካም (የሀብት ግዴታ ምጽዋት) በነጥብ ይቆጠራል፣ ባለአክሲዮኖቹ በየግላቸው የሚያወጡ ከሆነ ባንኩ ዜሮ ይመጣለታል።

ደሞ እኛ አገር መስኮቱ (መደበኛ ባንክ ውስጥ ያለው ወለድ አልባ አገልግሎት) በ2011 (ይሄም በፈረንጅ) በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ተፈቀደ እንጂ ሙሉ ለሙሉ ወለድ አልባ የሆነ ባንክ ያየነው ዘምዘም በ2021 ስራ ሲጀምር ነው፣ በዚች አጭር ዳታ ሪግሬሽን (የስታቲስቲክስ ትንተና) ካልሰራሁ ብላችሁ አትጨናነቁ።

እኔ ብሆን አንድ ነገር ብቻ ይዤ እቆፍር ነበር፣ ሙራባሃን። ደንበኛው ፕሮፎርማ ያመጣል፣ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥለታል፣ ወረቀት ላይ ያምራል። እናንተ ግን ፋይሉን አስከፍቱና ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ እዩ፣ ባንኩ የገዛበትን ቀንና ለደንበኛው የሸጠበትን ቀን አስተያዩ። ሽያጩ ከግዢው ቀድሞ ከተገኘ ባንኩ የሌለውን ዕቃ ነው የሸጠው፣ ይሄን ደሞ የትኛውም ዓመታዊ ሪፖርት አይነግራችሁም፣ ሪፖርት ላይ «ሸሪዓ» የሚለውን ቃል ስትቆጥሩ ብትውሉም አታገኙትም።

ቅርንጫፉ ሰነድ አላሳይም ካለ (ብዙውን ጊዜ ይላል) ደንበኞቹን ጠይቁ፣ የውሉ ኮፒ እነሱም ጋ አለ። ብቻ አርብ ከጁምዓ በፊት አትሂዱ፣ ማንም አያናግራችሁም።